ወፍራሙ ክር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባለቤቴ አንድ ነገር ታዝባብኛለች። ማቀዝቀዣችን ጠቅ ብሎ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር እኔም ከመቀመጫዬ እነሳለሁ። ወጥ ቤት ገብቼ ጎኑን በእጄ ጀርባ ነካ አደርግና ሙቀቱን ለክቼ እመለሳለሁ። «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ከፍተህ ብላ፣ ወይ አርፈህ ተቀመጥ» ትለኛለች። አልበላም፣ አልቀመጥም። በቀን ሃያ ጊዜ ያህል እመላለሳለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቤት ሳበራ ኖሬ በገዛ ቤቴ ማረፊያ አጣሁ።

ልጄ «አባባ፣ ጻፈው፤ ምናልባት ይለቅህ ይሆናል» አለችኝ። ከእሷ በፊት አንዲት ሴትም ጻፍ ብላኝ ነበር፤ እሷን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። ቶሎ ቶሎ ብጽፍ አትቀየሙኝ። ብዕር ይዞ መቀመጥ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ቅጣት ነው።

ሥራ የጀመርኩት እዚሁ ቆቦ፣ በስልሳ አራት ዓ.ም. ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንድ ነጋዴ በናፍጣ የሚሠራ ጄኔሬተር አስተክሎ ማታ ማታ ለሆቴሎቹና ለሱቆቹ መብራት ይሰጣል፤ ቀን ቀን ያው ጄኔሬተር የኤሌክትሪክ ወፍጮ ያዞራል። ሁሉንም የሚያንቀሳቅሰው አንድ ሰው ነው፣ ጋሽ ሐጎስ። እኔ የተቀጠርኩት የእሱ ረዳት ሆኜ ነው።

ጋሽ ሐጎስ ከማይጨው ወዲያ ያለ አገር ሰው ነው፤ ሙያውን የተማረው አስመራ፣ ጣልያኖች ጋራዥ ውስጥ ነው። ቀጭን፣ አጭር ሰው፤ በራያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ የሚውል። እኔን «ወደይ» ነው የሚለኝ፣ በትግርኛ ልጄ ማለቱ ነው። ብዙ አያወራም። የሚያስተምረው በእጁ ነው። ማንኛውንም ብረት መጀመሪያ በእጁ ጀርባ ነው የሚነካው፤ ኤሌክትሪክ ካለበት እጅ ይጨመደዳል፣ በመዳፍ ከነካኸው ጨብጠኸው ትቀራለህ፣ በጀርባው ከነካኸው ግን ራሱ ይሸሻል። የካቻቪቴውን እጀታ ጆሮው ላይ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ አድርጎ ኩሽኔታውን፣ ዘንጉ የሚዞርበትን ቀለበት፣ ያዳምጣል። «በል ስማ» ብሎ ለእኔም ይሰጠኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ የምሰማው ጫጫታ ብቻ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ የትኛው ኩሽኔታ ቅባት እንደጎደለው ሳላይ መናገር ጀመርኩ።

ከሁሉ የበለጠ የሚያጠብቀው ግን አንድ ሥርዓት ነበረው። ሞተር ከቆመ በኋላ ወዲያው አያስነሳም። ግድግዳው ሥር ቆሞ፣ ድምፁን ሳይደብቅ፣ ሦስት ጊዜ አባታችን ሆይ ይላል። ሦስተኛው «አሜን» ላይ ማብሪያውን ይጫናል። አንድ ቀን፣ «ጋሽ ሐጎስ፣ ጸሎቱ ለሞተሩ ነው?» ብዬ ቀለድኩበት።

«ለአንተ ነው» አለኝ። «ሞተር ሲሠራ አይደለም ብዙ የሚበላው፣ ሲነሳ ነው። በሬም ከተኛበት ሲነሳ አይደል የሚያቃስተው? አሁን አስነስተህ፣ አሁን አቁመህ፣ አሁን ብታስነሳው ውስጡ ይግላል። ሰዓት የለህም። ጸሎቱን ግን ታውቀዋለህ።»

ሌላው ጥብቅ ነገሩ ፊውዙ ነበር፤ ያኔ ባልቦላ ነው የምንለው። የሸክላ መያዣ ላይ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ትታሰራለች። ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲስብ ክሯ ትቀልጥና ኃይሉ ይቋረጣል። «እሷ የምትሞተው እሱ እንዳይሞት ነው» ይላል ጋሽ ሐጎስ። ክር ሲቆርጥ ከአንድ በላይ ቆርጦ ኪሱ ውስጥ ይዞ አይዞርም። ሁለተኛ ክር በእጅህ ካለ፣ ለምን እንደተቃጠለ ሳትጠይቅ ታስራለህ ባይ ነው።

ከዚያ ያ ዘመን መጣ። ክረምቱም በልጉም ተከታትለው ጠፉ። ስልሳ አምስት መጨረሻ ላይ ከዞብል በኩል፣ ከቆላው፣ ከዋጃ ወዲህ ያለው ሰው ወደ አስፋልቱ ፈለሰ። መኪና ያለበት እህል አይጠፋም ብሎ ነው። ኅዳር ስልሳ ስድስት ላይ ከከተማው ዳር መጠለያ ተሠርቶ ነበር፤ የእርዳታ እህልም መምጣት ጀመረ። የመጣው ግን ያልተፈጨ በቆሎ ነው። ሰዉ በያዘው ጣሳ እየተሰፈረለት ይወስድና ይቀቅለዋል። የከሳ ሆድ የበቆሎ ንፍሮ አይፈጭም። ሕፃናቱ ሆድ እንደገባ ይወጣ ነበር፤ ይህን ከዚህ በላይ አላብራራውም።

በመጠለያው ከስዊድን የመጣች አንዲት ነርስ ነበረች፣ ሲስተር ካሪን። አማርኛዋ ገና ነው። አንድ ጠዋት እፍኝ በቆሎ ይዛ ወፍጮ ቤታችን ገባችና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

«ይሄ ድንጋይ ነው» አለች። «ልጅ ድንጋይ አይበላም። ዱቄት እፈልጋለሁ።»

ጋሽ ሐጎስ ነጋዴውን አናግሮ ለመጠለያው በነፃ እንዲፈጭ አስፈቀደ። ችግሩ ሌላ ነበር። በእኛ አገር እህልን ከሰው እህል ጋር መቀላቀል የለም። እያንዳንዷ ሴት የራሷን አስፈጭታ የራሷን ዱቄት ይዛ ትሄዳለች፤ የእህሉ በረከት አብሮት ነው የሚባለው። በደኅናው ዘመን ይህ አያስቸግርም፤ አንድ ሰው ቁና ሙሉ ይዞ ይመጣል፣ ወፍጮው በሆዱ የሚያስቀረው ትንሽ ዱቄት አይታወቅም። አንድ ጣሳ በቆሎ ብቻ ሲሆን ግን ወፍጮው ግማሹን ያስቀረዋል፣ ያ ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው ይደርሳል። ስለዚህ ጋሽ ሐጎስ ሁሉም እህል በአንድ ላይ ይፍሰስ፣ ዱቄቱ በየጣሳው ይታደል አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ሽማግሌዎቹን ለመነ። እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል ነው እምቢ ያለው። በሦስተኛው ቀን ከተቀላቀለው ዱቄት ገንፎ አስገንፍቶ በሁሉም ፊት አንድ ጉርሻ ቀመሰ። «በረከቱ ከጎደለ ከእኔ ይጉደል» አላቸው። ከዚያ በኋላ ተስማሙ። ጠዋት አንዴ እናስነሳለን፣ ቀትር ላይ አንዴ እናቆማለን። ሞተሩም አይግልም፣ ሰዉም ዱቄት ያገኛል። ለሦስት ሳምንት እንዲህ ሠራን። ሲስተር ካሪን ልጆቹ መለወጥ ጀመሩ ትለን ነበር።

አሁን ወደዚያ ቀን መድረሴ ነው። ሁለት ጊዜ ተነስቼ ማቀዝቀዣውን ነካሁት።

ያን ቀን ጋሽ ሐጎስ ናፍጣ ሊያመጣ በጭነት መኪና አላማጣ ሄደ። «እንደተለመደው ነው፤ ምንም አትጨምር፣ ምንም አትቀንስ» ብሎኝ ነው የሄደው። ረፋዱ ላይ አንዲት ሴት ከሰልፉ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ዘሃራ ትባላለች፤ የዋጃ ሴት ናት፣ ባሏ በዚያው ዓመት ሞቷል፤ ፋጤ የምትባል አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ አዝላለች። ከመቀነቷ ውስጥ ትንሽ ቋጠሮ አወጣች።

«ካሳው፣ ይህችን ለብቻዋ ፍጭልኝ።»

«እቴ ዘሃራ፣ ለብቻ መፍጨት ቀርቷል እኮ። ምንድን ነው?»

«ደጋሊት ናት። ዘሬ ናት።»

ደጋሊት የራያ ማሽላ ነው። ዘሩን ከምድጃ በላይ ጭስ ላይ አንጠልጥለው ነው የሚያቆዩት፤ ሰው ከብቱን ሸጦ፣ የቤቱን ክዳን ሸጦ እንኳ ዘሩን አይነካም። ዘሩን የበላ ሰው ወደ መሬቱ አይመለስም።

«ለሚያዝያ ያስቀመጥኳት ነበረች» አለች። «ሚያዝያ ሩቅ ሆነብኝ። በቆሎው ተፈጭቶም ለፋጤ አልረጋላት አለ። ይህች የለመደችው ናት። ከሰው እህል ጋር አትቀላቅልብኝ፣ በአላህ።»

እምቢ ለማለት አፌን ከፈትኩ። ሕፃኗ ከእናቷ ትከሻ በላይ ታየኛለች። ሞተሩን አቆምኩት። የላዩን ድንጋይ አንስቼ ውስጡን በመጥረጊያ ጠረግሁ፣ አስነሳሁ፣ ያቺን ቋጠሮ ፈጨሁ፣ አቆምኩ፣ እንደገና ጠርጌ አንዲት ዱቄት ሳላስቀር ሰጠኋት። ዘሃራ መረቀችኝ። ደስ አለኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር፣ አልዋሽም።

ከኋላዋ የነበረችው ሴት ጣሳዋን ዘረጋች። «ለእሷ ካቆምክ ለእኔስ? የእኔ ልጅ ልጅ አይደለም?»

ምን ልበላት? በእርግጥ ልጅ ነው። ለእሷም አቆምኩ። ሦስተኛዋ መጣች። አንድ ሽማግሌ ተከተሉ። ሰልፉ ፀሐይ ላይ ነው፣ የሚቀመጠው ተቀምጧል፣ የሚተኛው ተኝቷል። እኔ ማቆም፣ መጥረግ፣ ማስነሳት ነው። አባታችን ሆይን ለማን ልበል? ያን ሁሉ ሰው አቁሜ ሦስት ጊዜ ልጸልይ? ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ላይ ባልቦላው ተቃጠለ። ክር ቀየርኩ። ሁለት ሰው እንደፈጨሁ ተቃጠለ። እንደገና ቀየርኩ፣ ሞተሩ ሲነሳ ወዲያው ተቃጠለ። ሰዉ ያጉረመርማል። አራት ክር አንድ ላይ ጠምዝዤ አሰርኩ። በእጄ ጀርባ ሞተሩን አልነካሁትም፤ እንደሚግል አውቄዋለሁ፣ ማወቅ ስላልፈለግሁ ነው ያልነካሁት።

ወፍራሙ ክር አልቀለጠም። ሞተሩ ሳይቆም መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ፤ ከዚያ ጭስ። ከዚያ እያጓራ ቀስ ብሎ ቆመ።

ተራ የደረሳቸው ሌላ ሽማግሌ ጣሳቸውን እንደያዙ፣ «ቆመ?» አሉኝ።

«ቆመ፣ አባ።»

«ይነሳል?»

ማብሪያውን አጠፋሁ።

ጋሽ ሐጎስ ወደ ማታ ሲመጣ ገና ከበሩ አሸተተው። ሞተሩ ጋ አልሄደም፣ ባልቦላው ጋ ሄደ። መያዣውን ነቀለ፣ ወፍራሙን ክር አየው፣ ፈትቶ ሸሚዙ ኪስ ከተተው።

«ስንት ጊዜ አስነሳኸው?»

«አልቆጠርኩም።»

«አባታችን ሆይስ?»

አላልኩም አልኩት። ስለ ዘሃራ ቋጠሮ ነገርኩት። «ለአንዷ አዘንክ፣ ሰልፉን ረሳኸው» አለኝ። ከዚያ በቀር አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም።

ነጋዴው እየጮኸ መጣ። «ማነው ያቃጠለው?» አለ። ጋሽ ሐጎስ ክሩን ከኪሱ አወጣና፣ «ጠዋት ስሄድ ቀጭን ክር አልቆብኝ እኔ ነኝ ይህን ያሰርኩት» አለ። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። አፌ አልተከፈተም። እናቴንና ሁለት እህቶቼን የምረዳው በዚያ ሥራ ነበር፤ ይህን ሁልጊዜ ለራሴ እነግረዋለሁ፣ አንድም ቀን አሳምኖኝ አያውቅም። ያን አፌን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

ሞተሩ የተቃጠለው ሽቦው ወጥቶ በአዲስ እንዲጠቀለልለት አስመራ ተጭኖ ሄደ፤ ጋሽ ሐጎስ ራሱ ይዞት ሄደ። አሥራ አንድ ቀን ወፍጮ አልነበረም። የቆቦ ሴቶች በየቤታቸው በድንጋይ እየፈጩ የቻሉትን ለመጠለያው ሰጡ፤ ለስንቱ ይበቃል? ሌላው ወደ ንፍሮው ተመለሰ። ሲስተር ካሪን በየጠዋቱ መጥታ በሩ ላይ ትቆምና «ዛሬስ?» ትለኛለች። ገና ነው እላታለሁ። በዘጠነኛው ቀን ዘሃራን አየኋት። ሁለት ወንዶች በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ከፊቷ ይሄዳሉ። በጣም ትንሽ ነገር ነበር። ከወፍጮ ቤቱ ኋላ ሄጄ ግድግዳውን ይዤ አለቀስኩ።

ጋሽ ሐጎስ ተመለሰ፣ ሞተሩን ተከለ፣ አስነሳው፣ አዳመጠው። በማግስቱ ነጋዴው አሰናበተው። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ካቻቪቴውን ሰጠኝና፣ «ወደይ፣ ጆሮህ ጥሩ ነው» ብሎኝ መኪናው ላይ ወጣ። በዓመቱ ከአስመራ አንድ ደብዳቤ መጣልኝ። ውስጡ ያለው «ሞተሩ እንዴት ነው?» የሚል ብቻ ነበር። ደኅና ነው ብዬ ጻፍኩለት። ሌላውን በሚቀጥለው እጽፋለሁ አልኩ። ከዚያ በጦርነቱ መንገዱ ተዘጋ።

አብዮቱ ሲመጣ ጄኔሬተሩ ተወረሰ፤ እኔም አብሬው ተወረስኩ ብል ይቀለኛል። የመብራቱ መሥሪያ ቤት ቀጠረኝና ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ወልድያ እያልኩ ተዘዋወርኩ። አንድ ቦታ ሁለት ዓመት ከቆየሁ እግሬን ይበላኛል፣ ዝውውር እጠይቃለሁ። ኮምቦልቻ የነበረ አለቃዬ «አንተ ሰው ነህ ወይስ አውቶቡስ?» ይለኝ ነበር። ወልድያ ሳለሁ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ ቆጣሪዬ ይሰርቀኛል ብለው ከሰሱ። ሄጄ አየሁት። ሌሊት ሁሉም ተኝቶ ይዞራል። «ጌታዬ፣ ማቀዝቀዣዎ ነው» አልኳቸው። «እኛ ተኝተን ማነው የሚበላው?» አሉኝ። ስቄ ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ግን ጥያቄያቸው አልለቀቀኝም።

በሰባዎቹ መጨረሻ መሥሪያ ቤቱ ለስድስት ወር ሥልጠና ስዊድን ላከኝ። ወደ አገሯ ከተመለሰች ወዲህ ከሲስተር ካሪን ጋር እንጻጻፍ ስለነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ ቤት ትጋብዘኛለች። እናትየዋ ሰማንያ የሚጠጉ፣ ቀልደኛ ሴትዮ ናቸው። ካሪን እያስተረጎመች የወጥ ቤታቸውን ታሪክ ነገሩኝ። በልጅነታቸው ቤቱ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ አንድ አምፖል ነው፤ ምድጃው በእንጨት ነው፣ ወተቱ ምድር ቤት ይቀመጣል። ሲያገቡ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገባ። ካሪን ጡት ስትጥል ማቀዝቀዣ ገባ። ካሪን ነርስ ስትሆን የሬሳ ሣጥን የሚያህል በረዶ ቤት (ፍሪዘር) ተገዛ፣ የዓመት ሥጋና የጫካ ፍሬ የሚይዝ። «ከዚያ ወዲህ መቁጠር ተውኩ፤ የሚቆጥረው ቆጣሪው ነው» አሉ።

እኔ መቀመጥ ስለማልችል ቆጣሪው ጋ ሄድኩ። «ካሪን፣ አራቱንም የምድጃ ዓይንና የዳቦ መጋገሪያውን አንድ ላይ አብሪልኝ» አልኳት። አበራች። የቆጣሪው ሳህን መሽከርከር ጀመረ። ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ፣ አሰላሁ፣ ደግሜ አሰላሁ።

«ምን ሆንክ?» አለችኝ።

«የእኛን ወፍጮ ሞተር ያክላል» አልኳት። «የቆቦውን።»

ራቱ ለሦስት ሰው ነበር። ካሪን ሁለቱን ዓይን አጠፋች። እናትየዋ ምን እንደተባለ አልገባቸውም፤ ድንቹ ዛሬ ለምን ዘገየ እያሉ ያጉረመርማሉ። ያኔ ስለ ክሩ ልነግራት ነበር። ያን ሁሉ ጠዋት «ዛሬስ?» ስትለኝ የነበረች ሴት ናት። አልነገርኳትም፤ ድንች በላሁ።

ከዚያ በኋላም ትጽፍልኝ ነበር። አንድ ጊዜ አሮጌውን በረዶ ቤት ጥላ አዲስ ገዛች፤ የድሮውን ግማሽ ኤሌክትሪክ እንኳ አይጠጣም አለችኝ። ሌላ ጊዜ ዕቃ ማጠቢያና ምግብ ማሞቂያ ጨመርኩ ብላ ጻፈች። «ቆጣሪው ሲያርፍልኝ ሌላ ነገር እሰካበታለሁ» አለች። እነዚያ አገሮች እንዲህ ነው የሄዱት፤ መጀመሪያ ወጥ ቤታቸው ኤሌክትሪኩን ያለ ልክ በላ፣ ኋላ መሣሪያው ቁጠባ ተማረ፣ ሰው ግን አልተማረም። አልፈርድባቸውም። የተረፈ ምግብ እንዳይበላሽ ሞተር ሌሊቱን ሙሉ ሲነሳ ሲተኛ ማደሩን ግን እንደ ተራ ነገር መቁጠር አልቻልኩም። እኔ ሞተር ሲነሳ ስሰማ ሰልፍ ነው የሚታየኝ።

የመጨረሻዎቹን ዓመታት ቆቦ ተመልሼ ሠራሁ። ጎረቤት ሮቢት ከተማ ችግር ሲኖር እሄዳለሁ። ዋጃ፣ የዘሃራ አገር፣ ሲሆን ሌላ ሰው እልካለሁ፣ ሰበብ አጥቼ አላውቅም። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር አንድ የባጃጅ ሹፌር ቤቴ መጣ። «ዋጃ ያሉ አንዲት እናት ማቀዝቀዣዬ ታሞብኛል፣ እሱ ይምጣልኝ ብለዋል» አለኝ።

«ማን በሉት አሉ?»

«ዘሃራ። የደጋሊቷ ዘሃራ በለው ብለውኛል።»

ባለቤቴ በኋላ እንደነገረችኝ ጫማዬን አዛብቼ አድርጌ ነው የወጣሁት።

ዘሃራ አርጅታለች፤ ጀርባዋ ግን ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ ዘመን በኋላ አግብታ የወለደችው ልጅ ሳዑዲ ሄዶ ነው ማቀዝቀዣውን የላከላት። የሠፈሩ ሰው ሁሉ ውሃውን እሷ ጋ ያስቀምጣል። ስከፍተው ከላይ እስከ ታች የውሃ ፕላስቲክ ነው፤ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ በየአንገቱ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ክር ታስሮበታል። ሞተሩ ጠቅ ይላል፣ ያጓራል፣ ይተዋል። ገመዱን ተከተልኩ። ከጎረቤት በቀጭን ሽቦ ነው የተሳበው፤ ኃይሉ መንገድ ላይ እየደከመ ሞተሩን ማንሳት አቅቶት ነው። ወፍራም ኬብል አስመጥቼ ቀየርኩላት።

«በል ሰካው» አለች።

«ትንሽ ይረፍ፣ እቴ ዘሃራ። ሲታገል ውሎ ግሏል።»

«ሐጎስ ሦስት ጊዜ ነበር የሚለው» አለች። «ሰልፍ ላይ ሆነን እንሰማው ነበር። አንተ የአንተን በል፣ እኔ ፋቲሓዬን ልበል።»

ልጀምር ፈለግሁ፤ «አባታችን» ካልኩ በኋላ አልወጣልኝም። ሶኬቱን እንደያዝኩ ነገርኳት። ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ አልኳት፤ ጋሽ ሐጎስ አይደለም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ሐጎስ ያን ቀን አላማጣ ነበር እኮ። እኔ ፋጤን ከጥላው አሳርፌ እዚያው ነበርኩ። ክሩን ስትጠመዝዝ አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ላንተ ብዬ መሰለህ?» አለች። «ለብቻ ፍጭልኝ ያልኩህ እኔ ነኝ። ብናገር ለማን ብሎ አቆመው ሊሉ ነው። የዚያች የሁለተኛዋ ሴት ልጅም ሞቷል። ሌሎችም ሞተዋል። አፌን ያዝኩ።»

ሶኬቱን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ያችን ዱቄት ሁለት ቀን ገንፎ አድርጌ ሰጠኋት። ሌላው ሁሉ ሲወጣባት እሷ ረጋችላት። በሁለተኛው ቀን ‹እማ፣ ጠገብኩ› አለችኝ። ዓመት ሙሉ ያን ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲያም አልሰማሁ። ልርገምህ ወይስ ልመርቅህ፣ ካሳው፣ አርባ ዓመት አላወቅሁም። ማቀዝቀዣውንማ የሠፈር ልጅም ይሠራው ነበር።»

ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ እያንዳንዳችን በየራሳችን ጸለይን፤ እኔ ሦስቱንም ጨረስኩ። ሰካሁት። ሞተሩ አንድ ጊዜ ተንቀጥቅጦ ተነሳ። ዘሃራ በርጩማ ሰጠችኝና ተቀመጥኩ። ሞተሩ እየሠራ እስኪመሽ ተቀምጬ አወራን።

ስወጣ በሩ ላይ፣ «ሐጎስስ?» አለችኝ።

«ሞቷል ይባላል።»

«ልጆች የሉትም?»

«ነበሩት፣ አስመራ።»

«እንግዲያው ጻፍላቸው እንጂ። እኔን አግኝተህ ጨረስኩ እንዳትል።»

አድራሻው ከዚያ ደብዳቤ ጋር ጠፍቶብኛል። የልጆቹን ስምም አላውቅም፤ ጋሽ ሐጎስ ስለ ቤቱ አያወራም ነበር። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ፣ ምናልባት አንዱ ያነበው ይሆናል። አባታችሁ በስልሳ ስድስት ዓ.ም. ቆቦ ላይ ሞተር አቃጠለ ተብሎ ከሥራው ወጣ። ያን ቀን አላማጣ ነበር። ክሩን ያሰርኩት እኔ ካሳው ነኝ፤ ካቻቪቴው እኔ ጋ አለ፣ መጥታችሁ ውሰዱት።